አናናስ የገባበት የአሳማ ሥጋ በስሎው ኩከር፦ ሥጋው ለምን ይላሽቃል?

ሙዳይ

ሰላም ለሁላችሁ። 6 ኳርት (6 ሊትር ገደማ) በሚይዝ ስሎው ኩከር (በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ በሚያበስል ድስት) የአሳማ ትከሻ ከአናናስና ከማንጎ ጋር ሠርቼ አልተሳካም። ያስገባሁትን በዝርዝር ላስቀምጥ።

አጥንት የሌለው ትከሻ 2 ኪሎ፣ በእንቁላል መጠን የተቆራረጠ። አንድ ሙሉ ጥሬ አናናስ ተልጦና ተከትፎ። 2 የበሰለ ማንጎ። ሶያ ሶስ ግማሽ ኩባያ፣ ቡናማ ስኳር ግማሽ ኩባያ፣ ውሃ 2 ኩባያ። ሁሉንም ማታ አንድ ላይ አሽቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሎው (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ ለ9 ሰዓት ጣድኩት።

ሥጋው ከውጭ እንደ ገንፎ ላሽቋል፣ ምላስ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል። ማንጎው ጨርሶ አይታይም። መረቁ ቀጥኗል፣ ከላይ ጮማው ሰፍፏል፣ ጣዕሙ ስኳር ብቻ ነው። ለቅዳሜ ማታ 10 እንግዳ አለብኝ፤ ከእነሱ ውስጥ 4ቱ አሳማ አይበሉም። ሰዓቱን ልቀንስ? ወይስ የሥጋው ዓይነት ነው? እነዚያን አራቱንስ በምን ላብላቸው?

ጉልቻ

ሙዳይ እህቴ፣ ሥጋውን ያላሸቀው ሰዓቱ አይደለም፤ አናናሱ ነው።

ጥሬ አናናስ ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም አለው። ሥራው ፕሮቲን መቆራረጥ ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጠው የሥጋ ማለስለሻ የሚሠራውም ከእሱ ወይም ፓፓያ ውስጥ ካለው ፓፓይን ነው። አንቺ ሁለት ጊዜ አጋጣሚ ሰጥተሽዋል። መጀመሪያ ሌሊቱን፦ ፍሪጅ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ቀጥሎ ጠዋት፣ የባሰውም ይህ ነው። ብሮሜሌን በጣም የሚሠራው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ 70 ካለፈ ይዳከማል፣ 80 አካባቢ ይሞታል። ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ያንን ሙቀት ቶሎ ያልፈዋል። ሎው ላይ ያለ ሙሉ ስሎው ኩከር ግን 60 ዲግሪ ለመድረስ ብቻ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ያን ሁሉ ጊዜ አናናሱ ሥጋውን ይበላዋል። ሥጋው በትንንሹ መቆረጡ ደግሞ የሚነካውን ገጽ አበዛው።

በሙቀት የለሰለሰውን ኢንዛይም ከበላው መለየት ቀላል ነው። በሙቀት የበሰለ ትከሻ ሹካ ሲነካው ይለያያል እንጂ ክሩ አይጠፋም፤ ጅማቱም ስለቀለጠ ከንፈር ላይ ትንሽ ይጣበቃል። ኢንዛይም የበላው ግን ክሩ ራሱ ተቆራርጧል፤ አፍ ውስጥ ዱቄት ዱቄት የሚለው ለዚህ ነው። አንዴ ከላሸቀ የሚመልሰው ነገር የለም። ጄሎ (በጄላቲን የሚረጋ ጣፋጭ) የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ጥሬ አናናስ ከገባበት አይረጋም፣ የቆርቆሮው ከገባበት ይረጋል።

መፍትሔው ከሦስቱ አንዱ ነው። የቆርቆሮ አናናስ ተጠቀሚ፤ ሲታሸግ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል። ጥሬውን ከፈለግሽ ደግሞ ከትፈሽ በራሱ ጭማቂ ለ5 ደቂቃ እየተንተከተከ አፍይው፤ ወይም መጥበሻ ላይ ውስጡ እስኪፍለቀለቅ ድረስ ጠብሺው። ሦስተኛው፣ ሥጋው በስሎ ሲያበቃ በመጨረሻው 30 ደቂቃ ክዳኑን ከፍተሽ መጨመርና ዘግተሽ ሃይ (ከፍተኛው ሙቀት) ላይ ማድረግ ነው፤ ያኔ መረቁ ከ85 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ኢንዛይሙ ፋታ አያገኝም።

ፍሮዝን አናናስ እንዳያታልልሽ። ቅዝቃዜ ኢንዛይሙን ስለማይገድለው እንደ ጥሬው ቁጠሪው። ፓፓያ (በተለይ አረንጓዴው)፣ ኪዊና በለስም ይህ ጠባይ አላቸው፤ የፓፓያው ከአናናሱ ይልቅ ሙቀት ስለሚችል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሬ ዝንጅብልም ሥጋ የሚያለሰልስ የራሱ ኢንዛይም አለው፤ በርከት አድርጎ ሥጋ አሽቶ ማሳደር ጥሩ አይደለም። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ሙዝና ኮኮናት በዚህ በኩል አያስቸግሩም። ማንጎም ሥጋ ላይ እንደ አናናስ አይበረታም፤ የእሱ ችግር መሟሟቱ ነው።

የጓዳ ሰው

ጉልቻ ስለ አናናሱ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ስለ ሥጋውና ስለ አሠራሩ ልጨምር።

ትከሻ መምረጥሽ ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቦስተን በት የሚል ጽሑፍ ካለበት ስሙ አያደናግርሽ፤ የላይኛው ትከሻ ነው። ፒክኒክ የሚሉት ደግሞ የታችኛው ነው፣ ቆዳና አጥንት ይበዛዋል። ሎይን ወይም ቴንደርሎይን (ቀይ የጀርባ ሥጋ) ግን ለዚህ ሥራ አትግዢ። የሚቀልጥ ጅማት ስለሌላቸው 8 ሰዓት ሲቆዩ ሥጋው እንደ ጥጥ ይደርቃል፤ መረቅ ውስጥ መሆኑም አያድነውም።

ለ2 ኪሎ ትከሻ (6 ሰው በደንብ ያበላል)፦
ጨው 2 የሻይ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ከሙን 1 የሻይ ማንኪያ።
ቀይ ሽንኩርት 2 ትልልቅ፣ ነጭ ሽንኩርት 6 ፍሬ፣ ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል።
ሶያ ሶስ የኩባያ ሲሶ፣ ቡናማ ስኳር ሩብ ኩባያ።
የቆርቆሮ አናናስ 567 ግራም የሚመዝነው አንድ ጣሳ፤ ጭማቂውና ፍሬው ተለያይቶ።
ጠንከር ያለ ማንጎ 2፣ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ 1።
ኮምጣጤ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ለመጨረሻ።
ውሃ የለበትም።

ሥጋውን በ4 ትልልቅ ጉማጅ ብቻ ቁረጪው። ጨውና ቅመሙን አሽተሽ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ትችያለሽ፤ ፍሬም ጭማቂም ሳይነካው። ጠዋት በወረቀት አድርቀሽ በጋለ መጥበሻ በየጎኑ 3 ወይም 4 ደቂቃ ቡናማ እስኪሆን ጥበሺው። ስሎው ኩከር ራሱ ሥጋ አያጠይምም፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ነጣ ያለና የተቀቀለ የሚመስል ሥጋ ነው የሚያገኘው። በዚያው መጥበሻ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አቁላዪ። ከአናናሱ ጭማቂ ግማሽ ኩባያ ጨምረሽ መጥበሻው ላይ የተጣበቀውን ፋቂና ሁሉንም ድስቱ ውስጥ ገልብጪው። ሶያ ሶሱና ስኳሩ ይከተል፤ ሥጋው ከላይ ይቀመጥ፣ ጮማው ወደ ላይ ዞሮ።

ፈሳሹ ያነሰ ይመስልሻል፤ አያንስም። ስሎው ኩከር ውስጥ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጠል ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሥጋውና ሽንኩርቱም ብዙ ውሃ ያወጣሉ። አንቺ ያስገባሽው 2 ኩባያ ውሃ በሙሉ ትርፍ ነበር።

ሎው ላይ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ሃይ ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሎው ብለሽ ከጀመርሽ ለማታ 12 ሰዓት ይደርሳል። የሥጋ ቴርሞሜትር ካለሽ መሃሉ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 200 ፋራናይት ሲደርስ በሹካ ይፈለቀቃል። ሥጋው ለጤና አስጊ የማይሆነው በ63 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ዕረፍት ጋር ነው፤ ትከሻ ግን በዚያ ሙቀት አይታኘክም። 75 ዲግሪ አካባቢ ስትፈትሺው በጣም ጠጣር ሆኖ ብታገኚው አልፎበታል ብለሽ እንዳታወጪው። ገና ነው። ጅማቱ ቀልጦ የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ክዳኑን አትክፈቺ። አንድ ጊዜ መክፈት 20 ደቂቃ ያህል ያዘገያል።

የአናናሱን ፍሬና የፈረንጅ ቃሪያውን ሊያልቅ 45 ደቂቃ ሲቀረው ጨምሪ። ማንጎው የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ይበቁታል። በጣም የበሰለ ማንጎ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አታብስዪው፤ ከትፈሽ ሲቀርብ ከላይ በትኚው።

ምጣድ

ስለ መረቁ።

መጀመሪያ ሥጋውን አውጪና ሸፍኚው። መረቁን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አጥልለሽ 10 ደቂቃ ስታቆይው ጮማው ይሰፍፋል፤ በጭልፋ ግፈፊው። ዝግጅቱ ከአንድ ቀን በፊት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ጮማው ከላይ ስለሚረጋ እንደ ክዳን ይነሣል፤ ይህ የተሻለው ነው።

ከዚያ መረቁን ሰፊ መጥበሻ ላይ አድርገሽ በኃይለኛ እሳት 10 ወይም 15 ደቂቃ አፍይው። ግማሽ ሲሆን ጣዕሙ ይሰበሰባል። ጨውን የምትቀምሺው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድመሽ ካስተካከልሽ ሶያ ሶሱ ሲጠጥር ይጨውብሻል።

አሁንም ከቀጠነ፣ ለ1 ኩባያ መረቅ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮርንስታርች በ1 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ የሚፈላው ላይ አፍስሺ፤ 1 ደቂቃ እስኪንተከተክ አማስዪ። ስታርቹን በደረቁ ሙቅ መረቅ ላይ የነሰነሰ ሰው ጓል ነው የሚያገኘው። ኮምጣጤውን ወይም ሎሚውን ከወፈረ በኋላ ጨምሪ። ኮምጣጣ ነገር ከስታርች ጋር ረጅም ጊዜ ከፈላ ስታርቹን ስለሚሰባብረው መረቁ መልሶ ይቀጥናል።

ያሁኑ መረቅሽ ስኳር ብቻ የሆነው ደግሞ ኮምጣጣ ስለሌለበት ነው። የአናናስም የማንጎም ጣፋጭ ላይ ግማሽ ኩባያ ስኳር ጨምረሽበታል። ስኳሩን በግማሽ ቀንሺና ኮምጣጤውን በመጨረሻ አግቢ፤ የሎሚ ልጣጭ ትንሽ ቢፋቅበት ፍሬው ፍሬ ፍሬ ይሸታል።

ሙዳይ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሶያ ሶስና አናናስ ካልወደድኩ ሌላ የሞቃት አገር አሠራር አለ? አሳማ ለማይበሉትስ ይኸው ቅመም በሌላ ሥጋ ይሆናል?

ቅመም ቤት

አለ፤ እንዲያውም ከአናናሱ የሚሻሉ አሉ ብዬ አምናለሁ። አናናስ ያለበት ሁሉ የሃዋይ ይባላል እንጂ የሃዋይ ነባሩ የአሳማ ሥጋ፣ ካሉዋ፣ ፍሬ የለበትም። ኢሙ በሚባል የመሬት ምድጃ ውስጥ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ፣ በቅጠል ተሸፍኖ በጨው ብቻ የሚበስል ነው። አናናስ ራሱ የደቡብ አሜሪካ ተክል ሲሆን ከሃዋይ ጋር ስሙ የተቆራኘው ጄምስ ዶል በ1901 እዚያ ባቋቋመው የአናናስ ኩባንያና በቆርቆሮው ንግድ ነው። ሶያ ሶስ፣ ቡናማ ስኳርና የአናናስ ጭማቂ ያለበት ነባር ምግብ የምትፈልጊ ከሆነ የፊሊፒንሱ ሃሞናዶ ለአንቺው አሠራር ይቀርባል።

ለስሎው ኩከር ግን የኩባን ሞሆ (ኮምጣጣ የነጭ ሽንኩርት ማሻ) እመርጣለሁ። ፍሬው ኮምጣጣ ብርቱካን ነው፤ ሥጋ የሚያላሽቅ ኢንዛይም የለውም፣ ስኳርም አይፈልግም። ኮምጣጣ ብርቱካን ካልተገኘ 2 እጅ የብርቱካን ጭማቂ ከ1 እጅ የሎሚ ጭማቂ ጋር ይተካዋል። ለ2 ኪሎ ትከሻ፦ ግማሽ ኩባያ ብርቱካን፣ ሩብ ኩባያ ሎሚ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት 10 ፍሬ፣ ኦሬጋኖ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከሙን 2 የሻይ ማንኪያ፣ የወይራ ዘይት ሩብ ኩባያ፣ ጨው 4 የሻይ ማንኪያ (ሶያ ሶስ ስለሌለ ነው ከፍ ያለው)። ትልልቁን ጉማጅ በዚህ አሽተሽ ብታሳድሪው አይላሽቅም። ከበሰለ በኋላ ፈልቅቀሽ ትሪ ላይ ዘርጊው፣ መረቁን ትንሽ አርከፍክፊበትና ኦቭኑን ብሮይል (ከላይ የሚያግለው) ላይ አድርገሽ 4 ወይም 5 ደቂቃ ጫፉ እስኪጠበስ ተዪው። አጠገቡ ቁሚ፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ያርራል።

የጃማይካ ጀርክ (በቅመም የታሸ ጥብስ) በስሎው ኩከር ሙሉ አይሆንም። እሱ እሳትና ጭስ ይፈልጋል፤ ጭሱም ኦልስፓይስ የሚባለው ቅመም ከሚገኝበት ዛፍ እንጨት ነው። ቅመሙን ብቻ ከወደድሽ ግን ኦልስፓይስ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ጦስኝ፣ ገውዝ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠልና 1 ስኮች ቦኔት ቃሪያ ፈጭተሽ እሺው። ስኮች ቦኔት ከጠፋ ሀባኔሮ ይተካዋል፣ የአንድ ዝርያ ናቸው። የአገራችን ጦስኝም ለዚህ ይሆናል፤ ሽታው ስለሚበረታ ግማሹን ያህል ይበቃል። ከጀርክ ጋር ማንጎ በጣም ይስማማል፤ ጥሬውን ከሎሚና ከሽንኩርት ጋር ከትፎ እንደ ሰላጣ ማቅረብ ነው።

ጎን ለጎን እንደ ጃማይካው ሩዝ ከቀይ ቦሎቄ ጋር ልታቀርቢ ካሰብሽ አንድ ነገር አደራ። ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ስሎው ኩከር ውስጥ እንዳትጨምሪ። ጥሬው ሆድ ክፉኛ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዛማ ነገር አለው፤ የሎው ሙቀት ላያጠፋው ይችላል። 5 ሰዓት ዘፍዝፈሽ ውሃውን ድፊው፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ 30 ደቂቃ አፍይው፣ ከዚያ የፈለግሽበት ጨምሪው። የቆርቆሮው ቦሎቄ የበሰለ ስለሆነ አያሰጋም።

የጓዳ ሰው

አሳማ ለማይበሉት አራቱ፦ የበሬ ቸክ ሮስት (የትከሻ ሥጋ) ወይም የበግ ትከሻ በዚያው ልክ ይሆናል። 1 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ሎው ላይ 8 ወይም 9 ሰዓት። የበሬ ሥጋ ከአናናስ ይልቅ ከሞሆው ጋር ይስማማል፤ በግ ከማንጎና ከጀርክ ቅመም ጋር ጥሩ ነው። ዶሮ ከመረጥሽ አጥንት ያለው ጭኑን ያለ ቆዳው ውሰጂ፣ ሎው ላይ 4 ወይም 5 ሰዓት፣ 74 ዲግሪ ማለፉን ፈትሺ። ፈረሰኛውን ተዪው፣ ይደርቃል።

ሌላ ድስት ያስፈልግሻል። አንዱን ሥጋ ከአንዱ በፎይል ለይቶ አንድ ስሎው ኩከር ውስጥ ማብሰል እንግዳን ማታለል ነው፤ መረቁ አንድ ነውና። ሁለተኛ ስሎው ኩከር ከሌለ በከባድ ድስት፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ በ150 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ 3 ሰዓት ተኩል በቂ ነው። የእነሱን መጀመሪያ ሥሪ፤ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ጭልፋውና ማቅረቢያው ለየብቻ ይሁን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም ሳይጠየቅ ይነገራቸው። ሙስሊም እንግዳ ካለ ሥጋው ከሐላል ሥጋ ቤት ይገዛ።

ከበረዶ ቤት የወጣ ሥጋ በረዶ እንደሆነ አይጣድ። ሳይሟሟ ከተጣደ መሃሉ ባክቴሪያ በሚራባበት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። 2 ኪሎ ለመሟሟት ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ ለቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ አውርጂው።

ሸዋ ጓዳ

ይቅርታ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ከአሜሪካ የተላከ ስሎው ኩከር አለ፤ ይህንኑ በበሬ ሥጋ ለመሥራት ሰዓቱ ያው ነው?

ጉልቻ

አይደለም፤ ከሰዓቱ በፊት ግን ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ እንዳይሰካ፤ የእኛ 220 ስለሆነ ወዲያው ይቃጠላል። 6 ኳርቱ አብዛኛውን ጊዜ 250 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፤ ለሰዓታት ስለሚሠራ ቢያንስ 500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር አድርጉለት። ሲነካ በጣም የሚግል ከሆነ አንሶበታል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ከላይ የተባለው 93 ዲግሪ መረቅ ውስጥ ላለ ሥጋ እዚህ አይደረስም፤ ያንን ቁጥር አትጠብቁ። 88 ወይም 89 ሲደርስ እዚያው 1 ወይም 2 ሰዓት ተጨማሪ ይቆይ። ጅማት በዝቅተኛ ሙቀትም ይቀልጣል፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሎው ላይ 10 ወይም 11 ሰዓት አስቡ፤ ወይም የመጀመሪያውን 2 ሰዓት ሃይ ላይ ጀምራችሁ ወደ ሎው መልሱት። መድረሱን የሚነግራችሁ ሹካ ነው፤ ገብቶ ሲጠመዘዝ ያለ ጉልበት መዞር አለበት።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ጥሬ አናናስና ፓፓያ ስለሆነ አናናሱን ማፍላት አትርሱ። ፓፓያውን ግን ድስቱ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ከምግቡ ጎን በጥሬው ይቅረብ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ፣ ማዞሪያ ያለው ስሎው ኩከር ራሱ ይቀጥላል፤ ቁልፍ የሚጫኑት ዲጂታሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደጠፋ ይቀራል። ቤት ውስጥ ሰው ካለ፣ ሥጋው ሳይበስል መብራት ከሄደ ወዲያው ወደ ጋዝ ምድጃ ይዛወር። ከበሰለ በኋላ ከሄደ ክዳኑ ሳይከፈት እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ሰው በሌለበት ጠፍቶ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ካልታወቀ ግን፣ ሲታይ የበሰለ ቢመስልም ይደፋ።